መርሳ ላይ የጣለ ውርጭ

ልጄ ሀያት ቅዳሜና እሁድን ከእኛ ጋር ልታሳልፍ ከወልድያ መጥታ፣ ሱቃችን በረንዳ ላይ ተቀምጣለች። ባንድ እጇ ማንጎ፣ በሌላው ስልክ። መርሳ በሚያዝያ ምን እንደምትመስል ለማያውቅ ልንገረው፤ ድመት እንኳ ጥላ ጥላውን ካልሆነ አትሄድም። ድንገት ቀና ብላ፣

«አባ፣ እኛ አገር ውርጭ ይጥል ነበር እንዴ?» አለችኝ። «ለመመረቂያ ጽሑፌ የማነበው ጥናት እንደዚያ ይላል።»

የያዝኩትን የሽንኩርት ጆንያ መሬት አስቀመጥኩ። ያን ውርጭ አውቀዋለሁ። ካገሩ ሰው ሁሉ መርጦ የመታው እኔን ነው።

ያኔ እኔም እንደሷ የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። የመመረቂያ ጽሑፌ የወረዳችን የሀብሩ ሽንኩርት ነበር፤ ታዲያ መጀመሪያ ከእኔ በፊት የተጻፈውን አንብቤ መገምገም ነበረብኝ። ልማዱ የታወቀ ነው። ቤተ መጻሕፍት ገብተህ የዱሮ ተመራቂ ጽሑፍ ታወጣለህ፣ ዳሰሳውን እንዳለ ትገለብጣለህ፣ ዐረፍተ ነገሩን ከላይ ወደ ታች ታዘዋውራለህ፣ ትመረቃለህ። እኔ ግን አነበብኩ። ማንበብ ይህን ያህል ጣጣ እንዳለው የነገረኝ አልነበረም።

አንዱ «በመርሳና በግራና ዙሪያ የሽንኩርት ዋና ጠላት ውርጭ ነው» ይላል። ተከታዩም ያንኑ። የሚቀጥለውም። እኔ የግራና ልጅ ነኝ፤ ፓፓያ ሥር ነው ያደግሁት። ሽንኩርት በሙቀት ሲበሰብስ፣ በትል ሲበላ አይቻለሁ፤ ብርድ ሲመታው ግን ወላሂ አላየሁም። ወደ ኋላ እየተከተልኩ ብሄድ፣ መነሻው ስለ ደጋ ገብስ የተጻፈ ጥናት ሆኖ ተገኘ። አንዱ ገብሱን አውጥቶ ሽንኩርት ሲተካ፣ ያገሩንም ስም ሲለውጥ፣ ውርጩን ማውጣት ረስቷል። የቀሩት ከነውርጩ ገለበጡት። የዚያ ሰው ጽሑፍ ሽፋኑ ወልቆ ስለነበር የማን እንደሆነ አላጣራሁም። ያገኘሁትን ሁሉ በደስታ ጻፍኩ።

አማካሪዬ አንብቦ ሲጨርስ ፊቱ ጠቆረ።

«ውርጭ የለም ያልከው አንተ ነህ?»

«አዎ መምህር፤ እዚያው ነው ያደግሁት። አላየሁም።»

«‹አላየሁም› የሚባል ምንጭ የለም። ውርጩን መልሰህ አምጣልኝ፤ ያለዚያ አልፈርምም።»

ሽፋኑ የወለቀው ጽሑፍ የሱ የራሱ መሆኑን የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ የነገረችኝ ከመሸ በኋላ ነው። ውርጩን አልመለስኩትም። እሱም አልፈረመም፤ ሳልመረቅ ቀረሁ።

ግራና ላይ ግን አባቴ ለምርቃቴ ሙክት አስሮ፣ ለዱዓ ሽማግሌ ጠርቶ ጨርሷል። የተጠራ ዱዓ አይቀርም። ሙክቱ ታረደ፤ ሽማግሌዎቹም በላብ ተጠምቀው «አላህ በዕውቀቱ ይጥቀመው» አሉ። እኔም አሚን አልኩ። ሰዉ ሲበተን አባቴ ጠራኝ።

«ልጄ፣ ውርጩ ካንተ ምን ወሰደ? ዝም ብትለው ምን ነበረበት?»

«አባ፣ እዚህ ውርጭ አይጥልም እኮ! አንቱም ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ። ሰውየውም ያውቃል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ፊት «ተማሪው ልጄ» ማለቱን ተወ። እኔም ሽንኩርት ንግድ ገባሁ፤ ስለሱ መጻፉን ቢከለክሉኝ መሸጡን የከለከለኝ የለም።

«ማነው እንዲህ ያለው?» አልኳት ሀያትን። ስልኳን አዞረችልኝ። የስም መዓት ተደርድሯል፤ ከፊት ያ አማካሪዬ፣ ዛሬ ዶክተር ሆኖ።

«የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ እኮ ነው!» አለች፣ ዓይኗ እየበራ። «ስሕተት መሆኑን ልጽፍ ነው።»

ያን ደስታም አውቀዋለሁ። ጻፊ ብላት የደረሰብኝ ሊደርስባት ነው። ተይው ብላት ደግሞ የአባቴ ቃል ከአፌ ሊወጣ ነው። እሱን ስንት ዘመን በልቤ ፈሪ እያልኩ ሳማው ኖሬያለሁ፤ ለካ ያን ቀን ያየው የነበረው ውርጩን ሳይሆን ልጁን ነበር።

የሽንኩርቱን ጆንያ መልሼ አነሳሁና፣ «እስኪ ማንጎሽን ጨርሺ» አልኳት።

አልሰማችኝም፤ መጻፍ ጀምራለች። በዚያ ሐሩር በረደኝ።