ለጌጥ የተመቱ ቀለበቶች

የተያዝኩት እያስተማርኩ ነው። ርዕሰ መምህሩ በር ላይ ቆሞ "አንዴ ትፈለጋለህ" ሲለኝ ጠመኔውን እንኳ አላስቀመጥኩም፤ መኪናው ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው እጄ ላይ ያየሁት። ምርጫው ካለፈ ጥቂት ሳምንታት ሆኖታል። ጂንካ ውስጥ በስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ የተናገረ ሁሉ እየተለቀመ ነበር። እኔም ተናግሬያለሁ።

የወሰዱን እስር ቤት ሳይሆን የእህል መጋዘን ነው። በቆሎው ከወጣ ቆይቷል፤ ነቀዙ ግን አልወጣም። ዝናብ ሲመጣ የቆርቆሮው ጩኸት ሰው ከሰው አያነጋግርም። ጥግ ላይ የተነጠፈ የጭነት መኪና ሸራ ላይ የተቀመጠ ሰው "ና መምህር፣ እዚህ ይሻላል" ብሎ ጠጋ አለልኝ። አወቅሁት። የከተማው ፎቶ አንሺ ነው፤ የሠርጋችንን ፎቶ ያነሳውም እሱ ነው። ያን ቀን "ሙሽሪት፣ ወደ እኔ እዪ" ሲላት ሚስቴ እኔን ትታ እሱን አይታ ሳቀች። ያንን ፎቶ አጉልታ አሳጥባ ሳሎን ሰቅላዋለች።

ፎቶ አንሺው እጁ ሥራ አይፈታም። በሱቁ የሠርግ አልበምና የጥሪ ካርድ ሲሠራ፣ ሪባኑ በሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ ትንንሽ የብረት ቀለበት ይመታ ነበር፤ ጫማ ላይ ክሩ በሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያ እንዳለችው ዓይነት። መጋዘን ገብቶም አልተወውም። የብስኩት ካርቶን ይቆርጣል። ካረጁ ጫማዎች ቀለበቶቹን በማንኪያ እጀታ ይነቅላል። ካርቶኑን በስቶ ቀለበቷን ያሳልፍና፣ ገልብጦ ጠርዟን በድንጋይ ቀስ እያለ ይመታል። ጠርዟ ተከፍቶ ካርቶኑን ነክሶ ይይዛል። ቀለበቶቹን አበባ አስመስሎ ይደረድርና በመካከላቸው ከጆንያ የመዘዘውን ክር ያስገባል። እስረኛው ሁሉ ለልጁ፣ ለእጮኛው ያሠራው ነበር። እኔ አላሠራሁም።

ሚስቴ መናኸሪያው አጠገብ ትንሽ ሱቅ ነበራት። ምሳ ስታመጣልኝ፣ ሰውየው ከተማው ውስጥ ዘመድ ስለሌለው ለእሱም ትጨምር ጀመር። ለመነጋገር የሚሰጡን ጊዜ አጭር ነው፤ እሷ ግን ከዚያችም ላይ ለእሱ ትቆርሳለች።

"ሳሉ ተሻለው?"

"ደህና ነው።"

"በርበሬውን ቀንሻለሁ በለው። ለሳሉ።"

ለእኔ በርበሬ ቀንሳልኝ አታውቅም። ያን ቀን አልጫ የመሰለውን ወጥ ከእሱ ጋር አብሬ በላሁ። እሱ ጣቱን እየላሰ "እጇ ይባረክ" ይላል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ለምርመራ ጠሩኝ። መርማሪው ከሌላ ቦታ የመጣ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ወጣት ነው። ወንበር ሰጠኝ። ጠረጴዛው ላይ ከፎቶ አንሺው ካርዶች አንዱ አለ።

"ይህን ሚስትህ ከምሳ ዕቃው ሥር አድርጋ ስትወጣ በር ላይ ተያዘ" አለኝ። "ማን እንደሰጣት እናውቃለን። አንተ ታውቅ ነበር?"

አላውቅም ነበር። ፊቴ ሲግል ተሰማኝ። እሱም የሚያየው ካርዱን ሳይሆን ፊቴን ነው።

"አየህ፣ አንተ ታስረህ እሷ የሰው ዕቃ ታመላልሳለች። እነዚህ ቀለበቶች ምልክት ናቸው። እዚህ ጋ ሦስት፣ እዚያ ጋ አምስት። የሰው ቁጥር ይሆናል፣ የቦታም ይሆናል። አንተ አጠገቡ ነው የምትተኛው። ምልክት መሆናቸውን ፈርምልንና ዛሬ ቤትህ ታድራለህ። ሚስትህን አንነካትም። እሱ ብቻ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል።"

እሱ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። አልዋሽም፣ ይህችን ቃል ወደድኳት። ከአጠገቤ፣ ከሚስቴ ምሳ ዕቃ፣ ከሳሎናችን ግድግዳ ሁሉ የሚሄድልኝ መሰለኝ። ካርዱን አንስቼ አገላበጥኩት። አበባ ነው። ቅናቴ ራሱ አበባ መሆኑን ሊክድልኝ አልቻለም።

"ለጌጥ ነው" አልኩት።

"ምኑ?"

"ቀለበቱ። ክሩ ወረቀቱን እንዳይቀደው፣ ደግሞም እንዲያምር ነው። ሌላ ነገር የለውም።"

"ለእሱ ትከራከራለህ?"

"ስለ ቀለበቱ ጠየቁኝ፤ ስለ ቀለበቱ መለስኩ።"

ካርዱን ከእጄ ነጥቆ ለሁለት ቀደደና ወለሉ ላይ ጣለው። ጎንበስ ብዬ አነሳሁት። "ቁጭ በል!" አለኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸ። ሁለተኛውንም ቁራጭ አነሳሁና ቁጭ አልኩ።

መጋዘኑ ስመለስ ቁራጮቹን ለባለቤታቸው ሰጠሁትና የሆነውን ነገርኩት። ደነገጠ።

"እሷስ?" አለ በመጀመሪያ።

"ደህና ናት። ለማን ነው የሠራኸው?"

"ለእናቴ። የምትኖረው ወይጦ ነው። ለባለቤትህ ባዶውን ምሳ ዕቃ ስመልስ ሰጠኋት፤ ሾፌሮቹን ስለምታውቃቸው በመኪና ትልክልኛለች ብዬ ነው። አለመሞቴን በምን ታውቃለች፣ መምህር?"

አመንኩት። ቅናቴ ግን አላመነውም።

እሱ ከእኔ ቀድሞ ተፈታ። እኔ ገና መጋዘኑ ውስጥ ሳለሁ እሱ ውጭ፣ ሚስቴ ባለችበት ከተማ ውስጥ እንደሚንቀሳቀስ ማሰብ ከነቀዙ የባሰ አሳከከኝ። ስፈታ መጀመሪያ የጠየቅኳት ስለ እሱ ነው።

"ስለ ካርዱ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ትቀናለህ ብዬ ነዋ" አለችና የምታጠብበትን ውሃ በባልዲ አቀበለችኝ።

ያ ሁሉ ካለፈ ብዙ ዓመት ሆነው። መርማሪውን ብዙም አላስበውም። ፎቶ አንሺውን ግን እሁድ እሁድ ቸርች አገኘዋለሁ። ሚስቴ ሰላም ስትለው ዛሬም ደረቴን ጨምደድ የሚያደርገኝ ነገር አለ። ቀድሜ እጄን እዘረጋለታለሁ። እሱ ሁልጊዜ የሚያስቅ ወሬ አያጣም፤ ሚስቴ ከልቧ ትስቃለች። እኔም ትንሽ ቆይቼ እስቃለሁ።