ጎል እንዳይገባ የጸለይኩበት እሁድ

ሐሙስ ጠዋት ጥርሴን እየፋቅኩ ሳለሁ መጡ። ሦስት ናቸው፤ የደንብ ልብስ የለበሰው አንዱ ብቻ ነው። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ ያለችው ቤቴ በሯ ዝቅ ያለ ስለሆነ አንድ በአንድ ጎንበስ እያሉ ገቡ።

"የደጋፊዎቹ ጸሐፊ አንተ ነህ?" አለኝ አንዱ።

መፋቂያው አፌ ውስጥ እንዳለ ራሴን ነቀነቅኩ። ባለቤቴ "ምን አድርጎ ነው?" ብላ ብትጠይቅ "ለጥያቄ ነው እማማ፣ አሁን ይመለሳል" አሏት። ገና አርባ ያልሞላትን ሴት እማማ ማለታቸው ከመታሰሬ እኩል ነው ያናደዳት፤ እስከ ዛሬ ታነሳዋለች። መፋቂያዬን እንደያዝኩ መኪና ላይ ወጣሁ። ፖሊስ ጣቢያው ግቢ ስንደርስ እሷንም ተቀበሉኝ።

ክፍሉ አራት እርምጃ በሦስት እርምጃ ነው። ውስጡ አሥራ ሦስት ሰው ነበር፣ በእኔ አሥራ አራት ሞላ። ሲሚንቶው በበረኪና ታጥቦ ገና አልደረቀም፤ ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ከላይ በወንፊት የተከደነች አንዲት መስኮት አለች። የክፍሉ ካቦ፣ የታሳሪዎቹ አለቃ፣ ከመሪ ኮንዶሚኒየም የመጣ መምህር ነበር፤ ፌስቡክ ላይ በጻፈው ነገር ነው የገባው። በምንጣፍ ፋንታ ካርቶን ሰጠኝና ከአንድ ሽማግሌ ጎን አስቀመጠኝ። ሽማግሌው እንጦጦ ላይ ባህር ዛፍ እየሸጡ የኖሩ፣ ከመሬቴ አልነሳም ብለው የመጡ ሰው ናቸው።

"አንተስ ልጄ፣ በምን ገባህ?" አሉኝ።

"በኳስ፣ አባባ።"

"ወይ ጉድ!" አሉና ጋቢያቸውን ግማሹን ለቀቁልኝ።

በኳስ ነው ያልኩት ለማላገጥ አልነበረም። ያለፈው እሁድ ቡድናችን አሸንፎ ወደ ላይኛው ሊግ ለማደግ ሁለት ጨዋታ ቀርቶት ነበር። ደስታው ሲግል ከበሮ መቺያችን "ቤት ቢፈርስ ሰፈር አይፈርስም!" ብሎ አወጣ። የራሱ ቤት ከፈረሰ ሁለት ወሩ ነው፤ ከሚስቱ ጋር ሾላ ገበያ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቷል፤ ሚስቱ የመውለጃ ቀኗ ደርሷል። ሜዳው ሁሉ ተቀበለው። እኔም ተቀበልኩ፣ ለምን እዋሻለሁ። ያን ቀን ማንም ምንም አላለንም። ፖሊሶቹ የፈለጉት ግጥሙን ያወጣውን ሰው ነው።

ከሰዓት በኋላ መርማሪው አስጠራኝ። ረጋ ያለ ሰው ነው፣ ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ ሻይ እንኳ አዘዘልኝ።

"ግጥሙን ያወጣው ከበሮ የሚመታው ነው አሉ" አለኝ። "ስሙን የሚነግረኝ ጠፋ። ለነገሩ ከበሮ ያው ጫጫታ ነው፤ ያገኘው ሁሉ እያነሳ የሚደበድበው፣ አይደል?"

እዚህ ጋ "አዎ" ብል ኖሮ ነገሩ ያልቅ ነበር። በሩን ራሱ ከፍቶልኝ ነበር እኮ! እኔ ግን ደጋፊ ነኝ። ከበሯችን ጫጫታ ሲባል አንጀቴ ቅጥል አለ።

"ጫጫታ?" አልኩ። "ጨዋታው ሲካሄድ ማንም ተራ ገብቶ ይመታል እንጂ፣ ጎል ሲገባ ግን ከእሱ በቀር ማንም አይነካውም። በገባው ጎል ልክ ቆዳውን ይመታል። ከዚያ ዝም ይላል። ከዚያ ጠርዙን፣ እንጨቱን፣ አንዴ ቷ! ያቺ ለቀረው ሰው ናት። ለሞተው፣ ለታመመው፣ ሜዳ ላልመጣው። እንደሱ የሚመታ አዲስ አበባ ውስጥ የለም!"

መርማሪው እስክሪብቶውን አነሳ።

"አንድ ሰው ነው ማለት ነዋ" አለ። "እሁድም ይመጣል።"

አፌን በቆረጠው! ስሙን ጠየቀኝ፤ አላውቅም አልኩ። ስንት ዓመት አብራችሁ ተቀመጣችሁ አለኝ፤ አልቆጠርኩም አልኩ። አልተቆጣም። "እሁድ እንነጋገራለን" ብሎ መለሰኝ።

ዓርብና ቅዳሜ እንዴት እንደነጉ አላውቅም። ባለቤቴ ስንቅ ታመጣለች፤ ከበር ላይ ተቀብለው ይሰዷታል እንጂ አያገናኙንም። ምሳ ዕቃው ሲመለስ ለከበሮ መቺው እንድታደርስልኝ ወረቀት ጻፍኩ። "እሁድ ከሜዳ ቅር" የሚል ሦስት ቃል ነው። ግን ፖሊሱ ባዶውንም ሳይቀር ክዳኑን ከፍቶ፣ ጎማውን አውጥቶ ያያል። ወረቀቱን መልሼ ዋጥኩት፤ የእውነት ዋጥኩት፣ በውሃ። መምህሩ እያየኝ ነበር። ለእሱና ለአባባ ነገሩን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው።

"ምናልባት አይመጣም" አለ መምህሩ። "አንተ መያዝህን ሰምቶ ይሆናል።"

"ከሰማማ ይብሳል" አልኩት። "ለቀረው ሰው የሚመታ ሰው ነው፤ እኔ ቀርቼ እሱ ይቀራል?"

እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጨዋታው ተጀመረ። ሜዳው ከጣቢያው ቁልቁል አስፋልት ተሻግሮ ነው፤ ነፋሱ ወደ እንጦጦ ሲነፍስ ድምፁ በወንፊቷ ይገባል። ከበሮው ሲጀምር ክፍሉ በሙሉ ጸጥ አለ። የእሱ እጅ አይደለም፣ ተረኛ ነው የሚመታው። ካላሸነፍን የማደግ ተስፋችን ያን ዕለት ያልቃል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ግድግዳውን በቡጢ ስመታ ነበር የሚያዩኝ፤ ያን ቀን ካርቶኔ ላይ ጉልበቴን አቅፌ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው አጋማሽ ባዶ ለባዶ አለቀ። አንድ የእንግሊዝ ቡድን ደጋፊ ነኝ የሚል ታሳሪ "የናንተ ነገር እንቅልፍ ነው የሚያስወስደው" ብሎ ቀለደ። ማንም አልሳቀለትም።

ሁለተኛው አጋማሽ እንደተጀመረ ስሜ ተጠራ። መርማሪው ግቢው ውስጥ ከግንቡ ሥር ቆሟል፤ ስልኩ በእጁ ነው። ከጎኑ ባዶ ወንበር አስቀምጧል።

"ተቀመጥ" አለኝ። "ሁለት ልጆች ከከበሮው አጠገብ አቁሜያለሁ። ጎል ሲገባ ማን እንደሚመታ ያያሉ። አንተ እሱ ነው ትለኛለህ፣ ትፈርማለህ፣ ከዚህ ወጥተህ እራትህን ቤትህ ትበላለህ። ቀላል ነው።"

"ጎል ካልገባስ?" አልኩት።

"ሞኝህን ፈልግ" አለና ሳቀ። "ደጋፊ አይደለህም እንዴ? ገብቶ ነው የሚያልቀው።"

ያኔ ነው የጸለይኩት። ከልጅነቴ ጀምሮ ያቺን ማሊያ ለብሼ የኖርኩ ሰው፣ ለማደግ የምንጠብቀውን ያን ሁሉ ዓመት የማውቅ ሰው፣ ዓይኔን ጨፍኜ "መድኃኔዓለም፣ ዛሬን ጎል አታግባልን" አልኩ። ኮርና መሆኑን ከደጋፊው ጩኸት አውቀዋለሁ፤ ድምፁ ቀስ እያለ ይወጣና ኳሷ ስትመታ ይሰበራል። በየኮርናው ወንበሩን ጨብጬ "ሳታት፣ ሳታት፣ በእናትህ ሳታት" እላለሁ። መርማሪው ደግሞ ግንቡን ተደግፎ እኛን ይደግፋል። "አይዟችሁ! ግፉ!" ይላል እኮ! እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፤ ፖሊሱ ጎል ሲለምን፣ እኔ ስከለክል።

ሰዓት የለኝም። በፀሐይዋ ስገምት ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶታል። ባዶ ለባዶ ሊሆን ነው፣ ተረፈ እያልኩ በረዥሙ ተነፈስኩ። ደስ አለኝ። አፈርኩም።

ሜዳው ፈነዳ።

ከሁሉም ነገር ቀድሞ ሰውነቴ ከወንበሩ ተነስቶ ነበር፤ እጄ አየር ላይ ነው። ደስታ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ከዚያ አስታወስኩና ተመልሼ ተቀመጥኩ። ጩኸቱ በረድ ሲል መጣ፤ ቆዳው ላይ አንዴ፣ ድም። ዝምታ። እንጨቱ ላይ አንዴ፣ ቷ።

ለእኔ ነበር። ማንም ሳይነግረኝ አወቅኩት። እንባዬ መጣ።

መርማሪው ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጓል። "አያችሁት?" ይላል። "ምን? ሰው ተከመረበት? ... እሺ፣ ማንን ያዛችሁ?" ወደኔ ዞረ። "ቀጭን ነው፣ ቢጫ ኮፍያ አድርጓል፤ የግራ እጁ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አለው ይላሉ። እሱ ነው?"

ብየዳ ቤት ሲሠራ የተቃጠለበት ጠባሳ ነው። እኔ ነኝ ያን ቀን ጤና ጣቢያ የወሰድኩት።

"አይደለም" አልኩ።

"ጠርዙን መታ እኮ። አንተ እንዳልከው።"

"የነገርኩዎት ውሸት ነው። ደጋፊ ነኝ፣ ደጋፊ ያጋንናል። ከበሮውን ማንም ይመታዋል፤ ጠርዙንም ማንም ይመታዋል። ያ የያዙት ልጅ ጭራሽ ከበሮ አያውቅም።"

"እያለቀስክ ነው እኮ የምትነግረኝ።"

"ጎል ገብቶልናል" አልኩት።

ወረቀቱን አወጣ። አንድ ቦታ ብቻ ባዶ ነው፤ የስም ቦታ። "ካልፈረምክ ዛሬ አትወጣም። መቼ እንደምትወጣም እኔ አላውቅም። የመጨረሻውን ጨዋታም ረሳው።" እስክሪብቶውን ዘረጋልኝ። ደፋር ሆንኩ ብዬ አልዋሽም። ስለ ሚስቱ አሰብኩ፣ ስለ ባለቤቴም አሰብኩ። እስክሪብቶውን ተቀብዬ ክዳኑን ከደንኩና ወረቀቱ ላይ መልሼ አስቀመጥኩለት።

ባዶውን የስም ቦታ አይቶ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ከታች አሁንም ይዘፍናሉ። በስልኩ ውስጥ አንድ ሰው "ሄሎ፣ ሄሎ፣ እናምጣው ወይ?" ሲል ይሰማኛል።

"ተዉት" አለ መርማሪው።

ወደ ክፍሉ ስመለስ አሥራ ሦስቱም ቆመው ነው የጠበቁኝ። "ስንት ለስንት?" አለ መምህሩ።

"አንድ ለባዶ።"

ጩኸቱ! የእንግሊዙ ደጋፊ ሳይቀር አቀፈኝ። አባባ ብቻ እጄን ይዘው "ልጁስ?" አሉኝ።

"ለቀቁት፣ አባባ።"

"ተመስገን" አሉ። እኔም ወደ ብረት በሩ ሄድኩና በጣቴ መገጣጠሚያ ጠርዙን አንዴ መታሁ። ዘበኛው ምን ፈልገህ ነው አለኝ፤ ምንም አልኩት።

ሃያ ስድስት ቀን ቆየሁ። የመጨረሻው ጨዋታ ሌላ ሜዳ፣ ከተማው ማዶ ስለነበር ምንም አልሰማንም። ማክሰኞ ዕለት ባለቤቴ ምሳ ዕቃውን የጠቀለለችበት ጋዜጣ ላይ አየሁት። ለማደግ አንድ ጎል ብቻ ነበር የሚያስፈልገን። ባዶ ለባዶ። ሁለት ጊዜ የግቡን ብረት መትተን ወጥቷል።

ከበሮ መቺው በዚያው ሳምንት ሴት ልጅ ወለደ። ስወጣ ይዟት መጣ። "ስሜን እንዳልሰጠህ ሰምቻለሁ" አለኝ፣ ቀና ብሎ ማየት አፍሮ። ያን ቀን የሆነውን ሁሉ ነገርኩት፤ ሻዩን፣ ጉራዬን፣ ወረቀቱን፣ ቷ ስትል ማልቀሴን። ጸሎቴን ግን አልነገርኩትም። ለማንም ደጋፊ አልነገርኩም። አፌ አላርፍ ብሎኝ መናገሬን ይቅር ይሉኛል፤ ያንን ግን እንጃ።

ምክንያቱም እኔ የማምነው እንዲህ ነው። ያን እሁድ የለመንኩት ሳይሰማ አልቀረም። ሰልፉ በዝቶበት፣ ጸሎቴ በሳምንቱ ደረሰ።

ዘንድሮም ተስፋ አለን፤ ሦስት ጨዋታ ይቀራል። መምህሩ ከወጣ ወዲህ አንዳንዴ ከመሪ ድረስ መጥቶ አብሮኝ ይቀመጣል፤ ኳስ እስከ ዛሬ አይገባውም። አባባን ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም። ጎል ሲገባ፣ ከበሮው ዝም ሲል፣ ጠርዙ ሳይመታ ባለችው ቅጽበት እሳቸውን አስባለሁ።

እና እሁድ እሁድ፣ ሜዳ ከመግባቴ በፊት መድኃኔዓለም ደጅ ቆሜ ኮፍያዬን አወልቃለሁ። እንድናሸንፍ አልለምንም፣ ያን ለማለት ድፍረቱ የለኝም። "ጌታዬ፣ ያቺን የአምናዋን ጸሎት አንስቻታለሁ፤ እርሳት" እላለሁ። ከዚያ ገብቼ ከከበሮው አጠገብ እቆማለሁ።