ባላባት ያልነበረው ኳስ ተጫዋች

በደርግ ዘመን የተሰደድን ጥቂት ሰዎች ስዊዘርላንድ ውስጥ አንዲት የአማርኛ መጽሔት ነበረችን። አዘጋጇ ዙሪክ የሚኖሩ፣ አዲስ አበባ ትምህርት ቤት ያስተዳድሩ የነበሩ ጡረተኛ ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። አንድ ቅዳሜ ጽሑፌን ከመታተሙ በፊት ላየው ከጄኔቭ በባቡር ሄድኩ።

የጻፍኩት ስለ አንድ አሜሪካዊ ነው። እናቱ ከአገሩ ነባር ሕዝብ፣ ከቼሮኪ ናት። ቤዝቦልን ሙያቸው ካደረጉት ቀደምት ተጫዋቾች አንዱ ነበር። ሜዳው ጥግ ቆሞ ርቆ የተመታውን ኳስ እየሮጠ ይቀልባል። ኳሱን መልሶ ሲወረውር ክንዱ ብርቱ ነበር። ጉልበቱን ሲጎዳ ወደ ትንንሽ ከተሞች ቡድን ወረደ፤ እዚያው አበቃ። የዘመኑ ጋዜጦች ስለ ክንዱ ሁለት መስመር፣ ተመልካቹ እየጮኸ እንዴት እንዳላገጠበት ግን አንድ ሙሉ ዓምድ ይጽፋሉ። ሁሉም፣ ከነባሩ ሕዝብ የሆነውን ሁሉ ሲያላግጡበት እንደሚሉት፣ «ቺፍ» ይሉታል።

ጋሼ ርዕሱን «ባላባቱ ኳስ ተጫዋች» ብለውታል።

«ይሄ ምንድን ነው ጋሼ?»

«ቺፍ ባላባት ማለት አይደል? ማዕረግ እኮ ነው።»

«አባቱ አናጢ፣ እናቱ ገበሬ። ማን ሾመው?»

«እንግዲህ ቅጽል ስም ነው። ሲጠሩት አቤት አላለም?»

«ብሏል። እኔንም ቢሮ ፈረንጆቹ ‹ኔጉስ› ይሉኛል። እንጀራዬ ነውና አቤት እላለሁ። ንጉሥ ነኝ?»

ወንድሜ የታሰረው አንድ ጎረቤት ለቀበሌ «ባላባት ነው» ብሎ ስለጠቆመው ነው። ያለው ንብረት አንድ የልብስ ስፌት መኪና ነበር። ጋሼ ይህን ያውቃሉ። ድምፄን ከፍ አላደረግኩም።

መነጽራቸውን አወለቁ። «እሺ፣ ተሰረዘ። ታዲያ ማን እንበለው?»

«በስሙ ነዋ።»

«ስሙን የት ጻፍከው?»

ገጾቹን አገላበጥኩ። «ቼሮኪው» ብያለሁ። «ተጫዋቹ» ብያለሁ። ሁለት ቦታ ላይ ራሴው «ቺፍ» ብያለሁ። ማስታወሻ ደብተሬ ውስጥም የለም። ጋዜጦቹ እናቱ ባወጣችለት ስም አልጠሩትም፤ እኔም አልፈለግኩትም። ይህን ያህል ዓመት ዜና ስሠራ ኖሬ፣ ማን የሚለውን ጥያቄ ዘለልኩት። በጋሼ ከተናደድኩት ይልቅ በራሴ የተናደድኩት ባሰ።

«ይውጣ ግድ የለም፤ በሚቀጥለው እናርመዋለን» አሉ።

«አይወጣም።»

«ገጹንስ ምን ላድርገው?»

«ባዶ ይተዉት።»

ወረቀቱን ከጠረጴዛው አንስቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ሰኞ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ፣ የጄኔቭ ቤተ መጻሕፍት ሳይከፈት በሩ ላይ ቆሜ ነበር።