ዓይን ጨፍኖ መሻገር

በመቐለ ከተማ ታሪክ የእኔን ያህል ተሽከርካሪ ያስቆመ ፍጡር የለም፤ ወደፊትም የሚኖር አይመስለኝም። እጄን ካነሳሁ ከተማው በሙሉ ቀጥ ይል ነበር፤ ፊሽካዬን ከነፋሁ ደግሞ ውቅሮ ከተማ ላይ ያለ ሾፌር ደንግጦ ፍሬን ይረግጥ ነበር። ለእውነት ያህል ግን አንድ ነገር ልጨምር፤ በዚያ ዘመን በትምህርት ቤታችን በር ላይ የሚያልፍ መኪና እንደ ሙሽራ ተናፍቆ የሚመጣ ነበር። እኔ አስቆምኩት የምለው አብዛኛው ጋሪ ነው። የቀረው ጨው የተጫነ ግመል ነው፤ ግመል ከተሽከርካሪ ይቆጠር እንደሆነ ደግሞ እስከ ዛሬ የነገረኝ ሰው የለም።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ የቀለም ሽታ ነው። ሰሞኑን ከመሥሪያ ቤታችን ፊት ለፊት ያለውን አስፋልት ዜብራ ሲቀቡ ያ ቤንዚን ቤንዚን የሚል፣ አፍንጫን አልፎ ግንባር ላይ የሚቀመጥ ሽታ በመስኮት ገባና ከእነማኅተሜ አፍዝዞ አስቀረኝ። የትራፊክ ክበባችን ኃላፊ መምህር ካሕሳይ፣ የክበቡ ሰብሳቢነት ከአንዱ ተማሪ ወደ ሌላው የሚተላለፍበት ሳምንት በደረሰ ቁጥር፣ ከመስኮት ቅብ የተረፈ ነጭ ቀለም ይሰጡንና ዜብራውን ራሳችን እንድንቀባው ያደርጉ ነበር። ስለዚህ ለእኔ ትኩስ ቀለም ሲሸት የሰብሳቢነት ሥልጣን ከእጄ ሊወሰድ ነው ማለት ነው።

ያ ሥልጣን ምን እንደነበር ለመረዳት ከእሱ በፊት ምን እንደነበርኩ ማወቅ ያስፈልጋል። አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ ከደብረ ብርሃን ወደ መቐለ ሲዛወር ከአልጋውና ከቁም ሣጥኑ ጋር እኔንም ከእነአማርኛዬ ጭኖ አመጣኝ። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ትግርኛ ይናገራሉ፤ እኔ በትግርኛ አፌን ስከፍት ደግሞ ክፍሉ በሳቅ ያልቃል፤ አስተማሪው ሳይቀር ወደ ጥቁር ሰሌዳው ዞሮ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ስሜም ቀርቶ «ወዲ ሸዋ»፣ የሸዋ ልጅ፣ ሆንኩ። ይህ ሁሉ የቀናው መምህር ካሕሳይ ፊሽካ አንገቴ ላይ ያንጠለጠሉልኝ ቀን ነው። ፊሽካ ሲነፋ ከየት መጣህ የሚል የለም። እስከ ጉልበቴ በሚደርሰው ብርቱካናማ ሰደርያ ውስጥ ገብቼ «ቁም» የሚለውን ቀይ ሰሌዳ ከፍ ሳደርግ፣ ትናንት የሳቁብኝ ልጆች በሰልፍ ቆመው «አለቃ፣ እንሻገር?» ይሉኝ ነበር። እኔም ባዶውን መንገድ ግራና ቀኝ አይቼ፣ አስቤ፣ አሰላስዬ፣ የፈለግሁትን ያህል አቆያቸው ነበር። አንዳንዱ ልጅ በእኔ ጥንቃቄ የተነሳ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አምልጦታል።

ታዲያ ስምንተኛ ክፍል ለሚኒስትሪ ፈተና ሲቃረብ ሰብሳቢው ሥልጣኑን ለሰባተኛ ክፍል ተማሪ ያስረክባል። ርክክቡ እንደ ሌላው ክበብ ጭብጨባ ብቻ አልነበረም። ወራጁ ሰብሳቢ ሰደርያውን አውልቆ ለተተኪው ካለበሰ በኋላ፣ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ቆሞ እያየ፣ ዓይኑን ይጨፍንና እንደ አንደኛ ክፍል ሕፃን እጁን ይሰጣል፤ ተተኪው ይዞት ይሻገራል። ማዶ ሳይደርስ ዓይኑን ከገለጠ «አላመንኩትም» እንዳለ ይቆጠራል፤ ርክክቡ ይፈርሳል፤ ተተኪውም ዳግመኛ አይታጭም። ማን እንደጀመረው መምህር ካሕሳይም አያውቁም፤ ሲመጡ እንዳገኙት ነው የሚናገሩት።

ተተኪዬ ለተብርሃን የምትባል፣ ነፋስ ቢነሳ እስከ ሩቋ እንዳዓባጉና ከተማ ትደርሳለች የምላት ቀጫጫ ልጅ ነበረች። አባቷ ጋሪ ነጂ ናቸው። «የጋሪ ልጅ ጋሪ ልታስቆም!» እያሉ ሲያበሽቋት ሰምቻለሁ፤ እኔም አብሬ ስቄያለሁ። በልምምድ ጊዜ ፊሽካ አትነፋም ነበር፤ ፈረሶቹ ይደነግጣሉ ትላለች። ጋሪ ሲመጣ ጠጋ ብላ እንዴት አደሩ ማለት ነው ሥራዋ፤ «ከመይ ሓዲርኩም አቦይ ሓጎስ? ፈረሱ እግሩ ተሻለው?» ትላለች፤ የአባቷ የሥራ ባልደረባ አቦይ ሓጎስም ስለ ፈረሱ እግር ሊያስረዱ ልጓም ይስባሉ፤ በዚህ መሐል ልጆቹ ይሻገራሉ። ለእኔ ይህ የሥልጣን ውርደት ነበር። ሕግ ባለበት አገር ስለ ፈረስ እግር ይጠየቃል?

እናም ወሰንኩ፤ መሐል መንገድ ላይ ዓይኔን እገልጣለሁ። አንዱን ብቻ፤ ለአፍታ። ርክክቡ ይፈርሳል፤ ሌላ ሰው እስኪታጭ ሰደርያው ከእኔ ጋር ይከርማል፤ ወላጆች በሚመጡበት የመዝጊያ በዓል ላይ ለብሼው እቆማለሁ፤ ወዲ ሸዋ ወደሚባለው ልጅ አልመለስም። ክፉ ሐሳብ መሆኑ አልጠፋኝም፤ ግን ደግሞ በጣም የሚያምር ሐሳብ ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ሰደርያውን አለበስኳት፤ እሷን እስከ ቁርጭምጭሚቷ ደረሰ። ዓይኔን ጨፍኜ እጄን ሰጠኋት። ሰው ዓይኑን ሲጨፍን ጆሮው እንደ ድስት ክዳን ይሰፋል፤ የግመሎቹ ቃጭል ከሩቅ ሲመጣ፣ ከኋላቸው የከባድ መኪና ሞተር ሲያጓራ፣ ተማሪው ሲያንሾካሹክ ሁሉም ተሰማኝ። መኪና የሌለበት መንገድ ያን ዕለት ብቻ መኪና አገኘ! መሐል ላይ ስንደርስ ቆመች። እጄን አጥብቃ ያዘችው። የግመል ጠረን ፊቴ ላይ ደረሰ። የግራ ዓይኔ ሽፋሽፍት መርገብገብ ጀመረ። ይኸው ጊዜው ነው አልኩ።

«በጃኻ፣ ዓይንኻ ኣይትኽፈት» አለችኝ በጣም ቀስ ብላ። እባክህ ዓይንህን አትግለጥ። ወዲያው በአማርኛ ደገመችው፤ «እባክህ። የጋሪ ልጅ ብለው ነው የሚያስቀሩኝ።»

የሚሆነውን ታውቅ ነበር። ሽፋሽፍቴን አይታ ይሁን ሐሳቤን ቀድሞ ገብቷት፣ አላውቅም። ያቺ ፊሽካ የማትነፋ ልጅ ያን ሰደርያ የፈለገችው እኔ በፈለግሁበት ምክንያት መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳሁ፤ ዓይኔን ግጥም አድርጌ ጨፈንኩ። ወዲያው ድምጿን ከፍ አድርጋ የግመሎቹን ባለቤት ሰላም ስትል፣ ስለ መንገዱ ሙቀት ስትጠይቅ፣ ቃጭሉም ሞተሩም ተራ በተራ ሲረግብ ሰማሁ። ተሻገርን። እንዲያውም ዓይኔን የጨፈንኩት ከሚገባው በላይ ስለነበር ማዶ ያለው የድንጋይ ጠርዝ እግሬን መትቶኝ በአፍንጫዬ ተደፋሁ። ትምህርት ቤቱ በጭብጨባና በሳቅ ተናወጠ። ርክክቡ ጸደቀ።

በሚቀጥለው ሳምንት እናቴ ከማዶ ሱቅ ስኳር እንድገዛ ላከችኝ። ቤታችን ከትምህርት ቤቱ ጋር በአንድ ወገን ስለነበር መንገዱን ብቻዬን ስሻገረው ሁልጊዜ በሰደርያ ነበር። ያለ ሰደርያ ጠርዙ ላይ ቆምኩ። እንደ ልማዴ እጄን ከፍ ባደርግ አቦይ ሓጎስ ሰላምታ መስሏቸው እጃቸውን አንስተው እየሳቁ አለፉ። ለተብርሃን አይታኝ ኖሮ ከትምህርት ቤቱ በር መጣችና እጇን ዘረጋችልኝ። ያዝኩት።

ዛሬ ጋሪዎቹ የሉም፤ ቦታቸውን ባጃጅ ወርሶታል። በጦርነቱ ነዳጅ ጠፍቶ አስፋልቱ ለእግረኛ ብቻ የቀረባቸውን ዓመታትም አይተናል፤ ያን ጊዜ መንገዱን ያለ ስጋት ተሻገርኩ ብሎ የተደሰተ ሰው ግን አላጋጠመኝም። አሁን መኪናው ተመልሷል፤ ሾፌሩ መስታወቱን ዘግቶ ስልክ ያወራል፤ ሰላም ብትለውም አይሰማህም፤ ስለ መኪናው ጎማ ብትጠይቀው ሌባ ነህ ብሎ ይጠረጥርሃል። ለተብርሃን አግብታ ሑመራ ገባች ሲሉ ሰምቼ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሰማሁት የለም። ሰው መጠየቅ አቅቶኝ አይደለም፤ መልሱን ፈርቼ ነው።

የቀረኝ ነገር ቢኖር አንድ ነው። እኔ የሦስት ልጆች አባት፣ ሪዝ ያለኝ ሰውዬ፣ ትልቅ መንገድ ብቻዬን መሻገር አልችልም። እጄን የሚይዝ ተማሪ ወይም አብሮኝ የሚራመድ ሰው ካጣሁ ባጃጅ በኮንትራት እይዛለሁ። የባጃጁ ሾፌር «ናበይ ኢኹም አቦይ?» ይለኛል፤ ወዴት ነዎት ማለቱ ነው። እኔም በጣቴ ፊት ለፊት ያለውን ሱቅ አሳየዋለሁ፤ ይስቃል፤ ዞሮ ማዶ ያወርደኛል፤ እከፍለዋለሁ።