የሚያበራው ጎመን

ከቱሉ ዲምቱ ወደ ከተማ የምሳፈርበት ታክሲ አቃቂ ድልድይ ጋ ሲደርስ ተሳፋሪው ሁሉ፣ ማንም ሳያዘው፣ መስኮቱን ይዘጋል። ባለፈው ሰሞን ግን የኋላው መስኮት ተበላሽቶ አልዘጋ አለና ሽታው እንዳለ ገባብን፤ የበሰበሰ ቆዳ፣ የተቃጠለ ጎማ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጉሮሮ ላይ ተለጥፎ የሚቀር ጣፋጭ የቀለም ሽታ። አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት በሻርፗ አፍንጫዋን ይዛ በሌላ እጇ ወደ ወንዙ ዳር አመለከተችኝ። አረፋው እየተንሳፈፈ ከሚያልፍበት ጥግ ላይ ለምለም ሰላጣ በመስመር በመስመር ተተክሏል። "ሲያዩት ግን እንዴት ያምራል" አለችኝ። ፊቴን አዞርኩ። ፊቴን ያስዞረኝ ሽታው ብቻ አልነበረም።

እኔ ያደግሁት እዚያው ወንዝ ዳር፣ አቃቂ በሰቃ ነው። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ኢሕአዴግ በገባ በጥቂት ዓመት ውስጥ አረፈና እናቴ የሺ እኔንና ሁለት እህቶቼን በአንዲት ቁራጭ የጎመን መሬት ማሳደግ ጀመረች። መሬቷ ከወንዙ ጋር ተጣብቃ የተኛች ስለሆነች ውኃ ችግር አልነበረም፤ ችግሩ ውኃው ራሱ ነበር። ከላይ በኩል ያለው የጨርቅ ፋብሪካ ሰማያዊ ሲነክር ወንዙ ሰማያዊ ሆኖ ይወርዳል፣ ቀይ ሲነክር ቀይ፤ እኛ ልጆች ድንጋይ ላይ ተደርድረን የዛሬው የተማሪ ዩኒፎርም ነው፣ የለም የአልጋ ልብስ ነው እያልን እንወራረዳለን። የቆዳ ፋብሪካው ተራ ሲሆን ደግሞ የበግ ፀጉርና ጮማ የተለጠፈበት፣ እንደ እርጎ የረጋ አረፋ ይመጣል። አንድ ቀን የጎረቤት ውሻ ከዚያ ጠጥቶ በራችን ላይ ሲያስመልስ ያወጣው ነገር ሰማያዊ ነበር፤ እህቶቼ ለብዙ ጊዜ እራት በቀረበ ቁጥር ያንን እያነሱ ይስቁ ነበር፣ እኔ ግን ገና ሳስበው ምራቄ ይመርረኛል። እናቴ የአባቴን የዝናብ ቦት ጫማ ተጫምታ በባልዲ እየቀዳች ስታጠጣ ትውላለች። ጫማው ያፈስ ስለነበር እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ድረስ እየተላላጠ፣ ማታ ማታ ቅባት ስትቀባው ቆዳው እጇ ላይ ይቀራል። ጎመኗ ግን የሰፈሩ ጌጥ ነበር። ቅጠሉ ሰፊ፣ አረንጓዴነቱ የሚያስደነግጥ፣ ገበያ ላይ ከማንም ጎመን በፊት የሚያልቅ።

ከገበያው ጥግ ሸምሱ የሚባል የስልጤ ሰው ሱቅ ነበረው። ከፊት ለፊት ሳሙናና ስኳር ይሸጣል፣ ከጀርባ ደግሞ በአንሶላ የተጋረደች ክፍል ውስጥ ቪዲዮ ያሳያል። ክፍሏ ድሮ የቆዳ መጋዘን ነበረች፤ ግድግዳዋ የበሬውን ሽታ አልረሳም፣ በዚያ ላይ የስንቱ ጎረምሳ ካልሲ፣ የሱፍ ቅርፊት፣ የታኘከ ጫት ተጨምሮባት ከወንዙ ጋር የምትፎካከር ሆና ነበር። እኛ ግን እንወዳት ነበር። የምንወዳትም በፊልሙ ብቻ ሳይሆን ክንፈ በሚባለው ተርጓሚ ነው። ክንፈ አሥረኛ ክፍል ጨርሶ ሥራ ያጣ የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ ይመልሳል፣ ያልገባውን ከራሱ ይሞላል፣ ብዙ ጊዜም ከራሱ የሚሞላው ከፊልሙ ይሻላል።

አንድ ክረምት ሸምሱ ሽፋኑ የተቀደደ ካሴት ይዞ መጣ። ፊልሙ ቀልድ ነው፤ የሚቀልደው ግን ገና ባልመጣ ክፉ ዘመን ላይ ነው። ሰማዩ በጭስ ተደፍኗል፣ ፀሐይ የሚያውቃት የለም፣ አፈሩ ከመመረዙ የተነሣ የሚበቅለው ጎመን ሁሉ በጨለማ ያበራል። ሰዎቹ በራታቸው ብርሃን ራታቸውን ይበላሉ። ከበሉ በኋላ ሆዳቸው በሸሚዛቸው ውስጥ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል፤ ሌባ ሊሰርቅ ሲገባ በሆዱ ይያዛል፣ ፍቅረኞች ሊደበቁ አይችሉም፣ ሹማምንቱ ደግሞ የማን ሆድ የበለጠ ያበራል እያሉ ይወዳደራሉ። አልበላም ያለውን አንድ ሰው ጨለማ ሆድ ብለው ስቀውበት ያስሩታል። ስናየው እየተንፈራፈርን ነው የሳቅነው። መሀል ላይ ትልልቅ ቦት ጫማ ያደረገች፣ የሚያበራ ጎመን በጋሪ የምትሸጥ ሴትዮ መጣች። ክንፈ ጉሮሮውን ጠረገና "ይህቺ እንግዲህ እትዬ የሺ ናት" አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንገቴን ደፍቼ፣ ከሚረግጡኝ እግሮች መሀል እየተሹለከለክሁ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ እናቴ "የሺ ፋኖስ" ሆነች። ገበያ ላይ ወጣቶቹ፣ "እትዬ፣ ይሄ በስንት ባትሪ ነው የሚሠራው?" ይሏታል። እሷም ነገሩ ባይገባትም አብራቸው ትስቅ ነበር። በኋላ ግን ሴቶቹም እየሳቁ ማለፍ ጀመሩ፤ ሳቁም እየቀረ ዝም ብሎ ማለፍ ብቻ ሆነ። በዚያው ወንዝ ያጠጡት የሌሎቹ ጎመን ሲሸጥ የእሷ ጠውልጎ ወደ ቤት ይመለሳል። አንድ ቀን አጠገቧ አስቀምጣኝ "ይሄ ፋኖስ የሚሉት ምንድን ነው?" አለችኝ። ነገርኳት። የጠወለገውን ጎመን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ "እስቲ እኔም ልየው" አለች።

እሑድ ከሰዓት እግሯን ታጥባ፣ ነጠላዋን ለብሳ፣ ከኋላዋ እኔን አስከትላ ሸምሱ ቤት ገባች። ክፍሏ ጢም ብላለች። ሴት በዚያ በር ስትገባ ታይቶ ስለማያውቅ ወሬው ሁሉ ቀጥ አለ፣ የሚያጨሱትም ሲጋራቸውን ጫማቸው ሥር ረገጡ። ሸምሱ ከሱቁ ወንበር አምጥቶ "እርስዎ እዚህ ይቀመጡ" ብሎ ከፊት አስቀመጣት። ክንፈ ያን ቀን እንደ ዜና አንባቢ ሆኖ ተረጎመ። ባለጋሪዋ ሴትዮ ስትመጣ "ይህች አንዲት ነጋዴ ናት" ብሎ አለፈ።

"ስሟን ንገረና ክንፈ" አለች እናቴ። "ለሌላው ነግረህ ከእኔ ትደብቃለህ?"

ከኋላ ሳቅ ተነሣ። ክንፈ ፊቱ ተለዋወጠ። "ቀልድ ነው እትዬ። ይቅርታ።"

"ቀልድ መሆኑንማ እያየሁ ነው። የኔ ጎመን መቼ ሲያበራ አይተሃል?"

ክንፈ በሰው ፊት የተሰደበ መሰለውና ቴሌቪዥኑን ትቶ ወደ እሷ ዞሮ "እናቴ ከእርስዎ በቀር ከማንም ገዝታ አታውቅም። እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ፣ እናንተ ቤት ይሄ ጎመን ይበላል?" አላት።

ያኔ ነው የገባኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ አዴ ጫልቱ የምትባል ሴት ከኮዬ በአህያ የምታመጣውን፣ በዝናብ ብቻ የበቀለውን ጎመን፣ እናቴ ከራሷ መደብ ተነሥታ ሄዳ የምትገዛው ለወዳጅነት ይመስለኝ ነበር። እኛ ቤት የሚቀቀለው እሱ ነበር። የእሷ ጎመን አንድም ቀን ድስታችን ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ቴሌቪዥኑ ላይ ሹማምንቱ ሆዳቸውን ገልጠው ይስቃሉ፤ ክፍሏ ውስጥ ግን ሁሉም የሚያየው እናቴን ነው። መዋሸት ትችል ነበር። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልጋት።

"አይበላም" አለች። "ልጆቼን አብልቼ አላውቅም።"

ከኋላ አንድ ሰው እንትፍ ሲል ተሰማ፣ ሌላውም ደገመው። በዚያ ወለል ላይ ምራቅ ብርቅ አልነበረም፤ የዚያን ቀኑ ግን ጫማዬ ላይ የወደቀ ያህል ተሰማኝ። ሸምሱ ቴሌቪዥኑን አጠፋ፤ ሚስቱ የእናቴ ደንበኛ ነበረች።

በማግስቱ እናቴ ጎመኗን በእጇ ነቀለችው፤ ሥሩ ሳይቀር ነቅላ ከመረችው። ክምሩን የሰፈሩ ፍየሎች ጨረሱት፣ ፍየሎቹን ደግሞ ለፋሲካ የሰፈሩ ሰው ጨረሳቸው። መሬቷን ወዲያው ሌላ ሰው ወስዶ ሰላጣ ተከለበት፤ ለከተማ ሆቴሎች በመኪና እያስጫነ ቤት ሠራ፣ ማንም ስም አላወጣለትም። ፋብሪካዎቹም እንደ ልማዳቸው ነከሩ፣ አጠቡ፣ ደፉ። እውነቱን የተናገረችው እናቴ ግን ክር ፋብሪካ ጠራጊ ሆና ገባች። ይህን ሳስብ ከወንዙ ሽታ ይልቅ የሚያስጠላኝ የዚያ ቤት ሳቅ ነው። ጎመኑ ከምን እንደሚጠጣ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ በየቀኑ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ቀለሙን እንወራረድ ነበር እኮ። ያላወቁ የመሰሉት ሁሉ፣ ያወቀችውን አንዲት ሴት ጠሏት።

ጎረቤት አላኮረፋትም። ሰላምታው አልቀረም፣ በዓል ሲመጣ እንኳን አደረሰሽ ማለቱም አልቀረም። እሷም እንደ ድሮዋ በየበዓሉ ዳቦ ደፍታ በሳህን በሳህን ትልክ ነበር፤ ሳህኑ ተመስግኖ ይመለሳል። አንድ ጊዜ ግን የሰጠናቸውን ዳቦ እንዳለ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ከጎረቤት ቆሻሻ ላይ አየሁት። ለእናቴ አልነገርኳትም። አውቃም እንደሆነ አላውቅም፤ መላኩን አልተወችም።

አሁን የሸምሱ ቤት ፈርሶ ፎቅ ቆሞበታል፣ የአዴ ጫልቱ እርሻ የነበረበት የኮዬ መሬት ኮንዶሚኒየም ሆኗል፣ በዝናብ ብቻ የበቀለ ጎመን የት እንደሚገኝ ብጠየቅ ማንን እንደምጠቁም አላውቅም። እናቴ ያረፈች ጊዜ የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ መጡ። ከልባቸው አለቀሱ፤ ሌሊቱን ሁሉ እህቶቼን ደግፈው አደሩ። ምግቡንም ከየቤታቸው ሠርተው፣ በየሳህኑ ሸፍነው አመጡ፤ እኛንም አበሉ፣ እነሱም ከዚያው በሉ። ለለቅሶ ቤት ምግብ ማምጣት ወግ ነው፣ ሁሉም የሚያደርገው ነው። ስለዚህ እኛ ጓዳ የተጋገረውን ዳቦ ማንም ያልነካው በወጉ ምክንያት ይሁን በሌላ፣ ማንንም ልጠይቅ አልቻልኩም።