በልብ ወለዱ ውስጥ ያለው አባት

ወንድሜ ዛሬ የልጁን ስልክ ከእጇ ነጥቆ የጻፈችውን ልብ ወለድ አጠፋባት።

ሐናን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ኦቲዝም አለባት። ካርቲየ ሰባት የሚባለው ሰፈር እነሱ ቤት ምሳ በልተን ቁጭ እንዳልን "የጻፍኩትን ላንብብላችሁ" አለች።

ተራኪዋ እንደ እሷው ኦቲዝም ያለባት ልጅ ናት። ለእህቷ ሽማግሌ የሚመጣ ቀን ወላጆቿ "ዛሬ እንግዳ የለም፣ ግቢና ተኚ" ብለው ጓዳ ይቆልፉባታል። በግድግዳው በኩል "ታናሿ ድሬዳዋ አያቷ ጋ ናት" ሲሉ ትሰማለች። ከዚያ ወዲያ የሚነግሯትን ማመን ትተዋለች።

በቅርቡ ለሐናን እህት የእውነት ሽማግሌ ሲመጣ እኔንም "ሐናን ድሬዳዋ ናት" ብለውኝ ነበር። ያን ቀን ሶፋው እንኳን አዲስ ልብስ ለብሶ ለእንግዳ ቀርቦ ነበር።

ወንድሜ "ገበናችንን ልታወጪ ነው?" ብሎ ጮኸባት። ሚስቱ ደግሞ ወደ እኔ ዞራ "'በዘራቸው አለ' እንዳይሉን ብለን እኮ ነው!" አለችኝ። ቱ! ወላሂ አፈርኩባቸው።

ሐናን አላለቀሰችም። "አባ፣ በታሪኩ ያለው አባት ስሙ ሙሳ ነው። አንተ መሆንህን በምን አወቅህ?" አለችው።



በእናንተስ ቤት እንግዳ ሲመጣ በር የሚቆለፍበት ማን ነው? ጻፉልኝ፤ እዚህ የሚያጠፋባችሁ የለም።