የመብራቱ ባክአፕ እና የኮዬው

ጥልፍ ቤቱ የገባሁ ቀን መርፌ የምይዝ መስሎኝ ነበር። ጋሽ ከድር ወንበር ሰጡኝና ከፊቴ ያለውን ማሽን አስነሱት። መርፌዎቹ ብቻቸውን መስፋት ጀመሩ። "አንቺ ክር ሲበጠስ ትቀጥያለሽ፣ የታቹ ክር፣ ቦቢኑ፣ ሲያልቅ ትቀይሪያለሽ። ሌላውን እሱ ያውቃል" አሉኝ። "እሺ" አልኩ። የዚያን ቀን የተናገርኩት ይኸው ነው።

ቤቱ ቃሊቲ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ በጎማ ጠጋኝና በብሎኬት መሸጫ መሀል ነው። ሥራችን የኮምፒውተር ጥልፍ ነው። የተማሪ ባጅ፣ የፋብሪካ ቱታ ላይ ስም፣ የቀሚስ ጥልፍ እንሠራለን። ንድፉ ኮምፒውተር ላይ ይወጣል፣ በፍላሽ ወደ ማሽኑ ይሄዳል፣ ማሽኑ ይሰፋዋል።

የሚነድፉት ጋሽ ከድር ራሳቸው ናቸው። ልጅ ሆነው ከስልጤ መጥተው መርካቶ በእግር መኪና ሲሰፉ ኖረዋል። ኮምፒውተር የተማሩት መነጽር ካደረጉ በኋላ ነው። አንዲት የባጅ ወፍ ለመንደፍ ብዙ ቀን ይፈጅባቸዋል። ሲጨርሱ ግን ወፏ ወፍ ትመስላለች።

ኮምፒውተሩን የሚያይልን ብሩክ የሚባል ቴክኒሻን ነው። አንድ ቀን ኮምፒውተሩ ሲንቀራፈፍ አየና "ጋሼ፣ ቶሎ ባክአፕ ይግዙ" ብሎ ሄደ።

ጋሽ ከድር በማግስቱ መርካቶ ሄደው ገዙ። በጋሪ ነው የመጣው። እኛ ሰፈር ባክአፕ ማለት መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለትንሽ ጊዜ የሚያቆየው ባለባትሪ ሳጥን ነው። ሌላ ባክአፕ መኖሩን እኔም አላውቅም ነበር። መብራት በጠፋ ቁጥር ሳጥኑ ይጮኻል፤ ጋሽ ከድር በር ላይ ወጥተው ለጎማ ጠጋኙ "እኛ ባክአፕ አለን" ይሉታል።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ኮምፒውተሩ አልነሳም አለ። ብሩክ መጣና ከፍቶት ጆሮውን አስጠጋ። ውስጡ ቀጭ ቀጭ ይላል።

"ሀርድ ዲስኩ ሞቷል ጋሼ። ግን ችግር የለውም፣ ባክአፕ አላችሁ አይደል?"

"አለን እንጂ!" አሉና ጠረጴዛው ሥር ያለውን ሳጥን በእግራቸው ነካ አደረጉት።

ብሩክ ሳጥኑን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። እኔ ክሩን አየሁ።

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ መብራት ነው የሚይዘው።"

"እና ምን ሊይዝ ኖሯል?"

"እኔ ያልኩት የፋይሉን ነው። የንድፎቹን ቅጂ።"

"ታዲያ ቅጂ አትልም ነበር?"

"ስሙ ባክአፕ ነዋ!"

"የዚህስ ስም ማን ነው?"

የሁለቱም ስም ባክአፕ ነው።

ብሩክ ዲስኩን ከሞተ ዲስክ ፋይል ያወጣሉ ወደሚባሉ ሰዎች ወሰደው። ምንም ሳይወጣለት እንደሄደ ተመለሰ። የጋሽ ከድር ንድፎች ሁሉ ነበሩበት።

ከሁሉ የባሰችው ወፏ ነበረች። የአንድ መዋዕለ ሕፃናት ባጅ ናት። በየዓመቱ ትምህርት ሊከፈት ሲል ዳይሬክተሯ ወይዘሮ ሰናይት ያዛሉ፤ ቤቱን አቁሞ የሚያከርመው ያ ትዕዛዝ ነው። ገላን የሚኖር አንድ ሰው ደግሞ ማሽኑን ሽጡልኝ እያለ ይደውላል። ጋሽ ከድር ሁልጊዜ ስልኩን ይዘጉበታል። የዚያን ቀን ግን "እስቲ ነገ ደውል" አሉት። ማሽኑ ከሄደ እኔም እሄዳለሁ።

ወይዘሮ ሰናይት ሲመጡ ጋሽ ከድር ቆመው ተቀበሏቸው።

"ዘንድሮ አዲስ ወፍ ልሥራልዎት?"

"አሮጌዋ ምን ሆነች?"

"ምንም አልሆነች።"

"እንግዲያው እሷው ትሁን። እህትና ወንድም አንዱ በአሮጌ አንዱ በአዲስ ባጅ ጎን ለጎን ቆመው የሁለት ትምህርት ቤት ልጆች አይምሰሉብኝ። ሐሙስ ናሙናዋን አያለሁ። ካልሆነ ሌላ ቦታ አሠራለሁ፣ አይቀየሙኝ።"

ሲወጡ ብሩክ ወደ እኔ ዞረ። "ጫልቱ፣ ወደ ማሽኑ የጫንሽውን ስትጨርሺ ታጠፊዋለሽ?"

ማሽኑ የራሱ ሜሞሪ አለው። ሥራ ሲያልቅ ማጥፋት እንደሚቻል አውቃለሁ። ላጥፋው ወይ ብዬ መጠየቅ ግን አፍሬ፣ ዛሬ ነገ ስል ከረምኩ።

"አላጠፋሁም።"

"የቱን?"

"ምንም አላጠፋሁም።"

"አንቺ! አራዳ ነሽ!" አለ።

"እኔ ነኝ አትንኪ ያልኳት" አሉ ጋሽ ከድር። አላሉኝም። ወፏን ከማሽኑ ሜሞሪ ልፈልግ ዞርኩ።

ወፏ ነበረች። ማሽኑ ላይ የሚቀረው ስፌቱ ብቻ ስለሆነ እንደ ዋናው ንድፍ እንደልብ አይስተካከልም። ያው ወፍ በያው መጠን ስለሆነች ግን በቃን። ሐሙስ ወይዘሮ ሰናይት ናሙናውን አገላብጠው አዩና አዘዙ። የቀሚስ ጥልፎቹ ግን በየቀሚሱ ልክ መስተካከል ስላለባቸው እንደወጡ ቀሩ።

ብሩክ ለኮምፒውተሩ አዲስ ዲስክ ገጠመለት፤ ርካሽ የፋይል ባክአፕ መፈለግ የጀመርነው ከዚያ ወዲያ ነው።

"ክላውድ አለ ጋሼ" አለ ብሩክ። "ኢንተርኔት ላይ ይቀመጣል። ሰፋ ያለ ቦታ ከፈለጉ በየወሩ በዶላር ይከፈላል።"

"ዶላር ካገኘሁ ክር አስመጣበታለሁ።"

"ብዙ ዲስክ የሚይዝ ሳጥንም አለ።"

"ሌላ ሳጥን እዚህ ቤት አይገባም።"

በማግስቱ ጋሽ ከድር ከባቡሩ መጨረሻ ጣቢያ አጠገብ ከአዟሪ ላይ ፍላሽ ገዝተው መጡ። ሻጩ የማይይዘው ነገር የለም ብሏቸዋል። መጀመሪያ ከስልካቸው የልጃቸውን የሰርግ ቪዲዮ ጫኑበት፣ ከዚያ እንደገና የነደፏቸውን አስከተሉ። የንድፎቹ ስም በሙሉ ተደርድሮ ታየ። "ይኸው!" አሉ።

"ጫልቱ፣ አንዱን ስፊበት" አለ ብሩክ።

ፍላሹን ማሽኑ ላይ ሰካሁና አንድ ንድፍ መረጥኩ። ማሽኑ አላነብም አለ። ሌላ መረጥኩ፤ ያንንም እንቢ አለ። ስሙ አለ፣ ውስጡ ባዶ ነው።

"ላዩ ላይ የተጻፈው ውሸት ነው" አለ ብሩክ። "ትንሽ ነው የሚይዘው። ሰርጉ ሞላው፣ ከዚያ የመጣውን ዝም ብሎ ዋጠው።"

"ሰርጉስ አለ?" አሉ ጋሽ ከድር። ሰርጉ ነበረ።

በመጨረሻ ዋስትና ከሚሰጥ ሱቅ ሁለት ትንንሽ ተንቀሳቃሽ ሀርድ ዲስኮች ተገዙ። ጋሽ ከድር ሁለቱንም መሳቢያ ውስጥ ሊያስገቡ ሲሉ ብሩክ እጃቸውን ያዛቸው። ሌባም እሳትም ቢመጣ አንድ ላይ ይወስዳቸዋል፤ አንዱ ከዚህ ርቆ ይደር አለ። ጋሽ ከድር የሚኖሩት ከጥልፍ ቤቱ ጀርባ ነው። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው።

"አውቶቡስ ላይ ኪስ ቢገቡባትስ?" አሉ ጋሽ ከድር።

"ወፍ ያገኛሉ" አለ ብሩክ። "አንዱ ዲስክ እዚህ አለ አይደል።"

ቤተሰቦቼ ኮንዶሚኒየሙ ሳይሠራ እዚያው ያርሱ የነበሩ ናቸው። እናቴ ዲስኩን ተቀብላ ሻንጣዋ ውስጥ ከይዞታ ማረጋገጫው ጋር ቆለፈችበት። ለሚመጣ እንግዳ "የጫልቱ መሥሪያ ቤት እዚህ ውስጥ ነው" ትላለች። በየቅዳሜው አዲስ ቅጂ የያዘውን ወደ ቤት እወስዳለሁ፣ የቤቱን ሰኞ እመልሳለሁ። የጥልፍ ፋይል ቀላል ስለሆነ ዋና ዋናዎቹን ኢንተርኔት ላይ ወዳለ ነፃ ቦታም እንልካቸዋለን።

አሁን ባክአፕ ብቻውን አይባልም። ሳጥኑ "የመብራቱ" ነው፣ ዲስኩ "የኮዬው"። ቅዳሜ ስወጣ ጋሽ ከድር ከመነጽራቸው በላይ ያዩኝና "የኮዬው ወጣ?" ይላሉ። የገላኑ ሰውዬ ሲደውል እንደ ድሮው ይዘጉበታል።

ከመውጣቴ በፊት ከዲስኩ አንዱን ንድፍ አንስቼ በቁራጭ ጨርቅ ላይ እሰፋዋለሁ። አዲስ ለሚቀጠሩት የማሳያቸው ይህንኑ ነው፤ እንዲህም እላቸዋለሁ። ባክአፕ ግዙ ሲሏችሁ የቱን ብላችሁ ጠይቁ፤ ማፈር አያስፈልግም። ቅጂውን ደግሞ አውጥታችሁ ስፉበት። ያልተሰፋበት ቅጂ መኖሩ አይታወቅም።